ልብ በደቂቃ ስንት ሊትር ይረጫል? ትንፋሽን እንጠይቀው

(ይህ አራት ኪሎ በተደረገ የጤና ባለሙያዎችና የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ብዙዎች በጽሑፍ ይለጠፍልን ስላላችሁ እንዳለ፣ ብዙም ሳልነካካ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ክፍት ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ። ነርሶች አላችሁ። ሰመመን ሰጪዎች አላችሁ። ከአምስት ኪሎ የመጣችሁ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችም አላችሁ። ደግሞ ሰው ሲያስታምሙ ሞኒተሩ ላይ ያለው ቁጥር ግራ ገብቷቸው "እስቲ እንስማ" ብለው የመጡ ቤተሰቦች እንዳሉ ተነግሮኛል። እንኳን ደህና መጣችሁ። የምናገረው ለሁሉም እንዲገባ አድርጌ ስለሆነ ሐኪሞች ትንሽ ታገሡኝ።

በጥያቄ ልጀምር። የአንድ ሰው ልብ በደቂቃ ምን ያህል ደም እንደሚረጭ በምን ይታወቃል? የደም ግፊት በመለካት? አይደለም። የልብ ምት በመቁጠር? እሱም ብቻውን አይበቃም። ሁለቱንም በየጤና ጣቢያው እንለካለን። ይለኩ፣ ጥሩ ነው። ግን ግፊቱም ምቱም ደህና ሆኖ ልብ የሚረጨው ደም ግማሽ ሊሆን ይችላል። ግማሽ! ዛሬ የመጣሁት ይህን መጠን ደረት ሳይከፈት፣ ቱቦ ልብ ውስጥ ሳይገባ፣ ከሚወጣው ትንፋሽ ማወቅ እንደሚቻል ልነግራችሁ ነው።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። ግፊት ለምን እንደማይበቃ፣ ትንፋሽ የልብን ሥራ እንዴት እንደሚናገር፣ ከዚያ እኛ ባለን ዕቃ ምን ማድረግ እንደምንችል።

የመጀመሪያው። አክስቴን ላንሳላችሁ። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። ያን ጊዜ ማን ፔኒሲሊን ይሰጣታል? ዝንጅብልና ማር ነበር መድኃኒቷ። ካደገች በኋላ የግንፍሌን ዳገት ወጥታ አራት ኪሎ ለመድረስ ደጋግማ መቆም ጀመረች። ማታ ትራስ ደራርባ፣ ተቀምጣ ማለት ይቻላል፣ ነው የምትተኛው። ክሊኒክ ሄደች፣ ግፊቷ ተለካ፣ 110 በ70። "እናት ደህና ነሽ፣ ግፊትሽ የወጣት ነው" ተባለች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች፣ እንደገና "የወጣት ነው" ተባለች። እጇን ስትጨብጧት ግን በረዶ ነው። በጋም ይሁን ክረምት፣ በረዶ። በመጨረሻ ኤኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ ተነሣች። በግራ በኩል ያለው የልብ ቫልቭ ጠባሳ ይዞ ጠቦ ነበር። ያ የልጅነት ጉሮሮ ሕመም ትቶት የሄደው ነው፤ በአገራችን ብዙ ወጣት እንዲህ ይጎዳል።

ታዲያ ግፊቷ እንዴት ደህና ሆነ? ግፊት የሁለት ነገር ውጤት ነው። አንዱ ልብ የሚረጨው ደም ነው። ሌላው የደም ሥሮቹ መጥበብ ነው። ልብ የሚረጨው ሲቀንስ ሰውነት ዝም ብሎ አያይም፤ የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ያጠባል፣ የሆድ ዕቃንም ድርሻ ይቀንሳል፣ ለአንጎልና ለራሱ ለልብ ያተርፋል። ስለዚህ ግፊቱ አይወርድም። እጅ ይቀዘቅዛል፣ ሽንት ያንሳል፣ ሰውዬው ይደክመዋል፣ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ቁጥሩ የሚወርደው ሰውነት ማካካስ ሲያቅተው ነው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

መጠኑን ላስቀምጥላችሁ። ዐርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ ልቡ በአንድ ምት 70 ሚሊሊትር ገደማ ይረጫል። በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ 4,900 ሚሊሊትር ነው። ወደ 5 ሊትር በሉት። በሰውነታችን ያለው ደምም በጠቅላላው ወደ 5 ሊትር ስለሆነ ደማችን ሁሉ በየደቂቃው አንድ ዙር ይዞራል ማለት ነው። ማለዳ እንጦጦ ላይ የሚሮጡትን ልጆች አይታችኋል አይደል? የእንደነሱ ዓይነት ብርቱ ሯጭ ልብ በሩጫ ሰዓት 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊረጭ ይችላል። በደቂቃ ነው የምላችሁ!

ሁለተኛው ነጥብ፣ ዋናው እሱ ነው፣ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

ዘመኑ 1870 ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ጀርመን አገር፣ ቩርትስቡርግ ከተማ። አዶልፍ ፊክ የሚባል ምሁር በሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ልክ እንደዚህ እንደኛ ስብሰባ፣ ተነሥቶ አጭር ሐሳብ አቀረበ። እሱ ራሱ አልለካም። ሐሳቡን ብቻ ነው የተናገረው። ሐሳቡ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ የታክሲ ፌርማታ ላይ ቆማችኋል እንበል፣ ለገሃር ይሁን። ታክሲዎቹን ማየት አትችሉም። ግን ሁለት ነገር ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ታክሲ ከዚህ 5 ሰው ይጭናል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከሰልፉ 250 ሰው ሄዷል። ስንት ታክሲ አለፈ? ... አዎ፣ 50። አንድም ታክሲ ሳታዩ ቆጠራችሁ።

አሁን ወደ ሳንባ እንምጣ። ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ 250 ሚሊሊትር ያህል ኦክስጅን ከሳንባው ወደ ደሙ ይገባል። ይህን ከትንፋሹ መለካት ይቻላል። ወደ ሳንባ የሚመጣው ደም በአንድ ሊትር 150 ሚሊሊትር ኦክስጅን ይዞ ይመጣል። ከሳንባ ሲወጣ 200 ይዞ ይወጣል። ልዩነቱ 50 ነው። እያንዳንዱ ሊትር ደም 50 ይጭናል፣ በጠቅላላው የሄደው 250 ነው። ስንት ሊትር ደም አለፈ? 5! ይኸው ነው። የፊክ ሐሳብ ከዚህ አይበልጥም። አይገርምም? አንድ ማካፈል!

ችግሩ የት ላይ ነው? ወደ ሳንባ የሚመጣው ደም ምን ያህል እንደያዘ ለማወቅ ደሙን ከልብ ቀኝ ክፍል ወይም ከዚያ ወደ ሳንባ ከሚወስደው ሥር መቅዳት ያስፈልጋል። ከክንድ የተቀዳ አይሆንም፤ ከመላ ሰውነት የተቀላቀለው ነው የሚፈለገው። ለዚህ ነው ብዙ ዓመት በውሻና በፈረስ ብቻ ሲሠራ የኖረው። ሰው ላይ ማን ይደፍራል?

በ1929 ቬርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ደፈረ። በማን ላይ? በራሱ ላይ። የገዛ ክንዱን ሥር ከፍቶ ቀጭን ቱቦ ወደ ልቡ ሰደደ። ከዚያ ቱቦው ክንዱ ውስጥ እንዳለ ወደ ራጅ ክፍል በእግሩ ሄዶ ጫፉ ልቡ ውስጥ መድረሱን በፎቶ አስመሰከረ። በ1956 ዘዴውን አሜሪካ ውስጥ ካሳደጉት ከኩርናንና ከሪቻርድስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ1970 ደግሞ ስዋንና ጋንዝ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ካቴተር፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ፣ አወጡ፤ ፊኛው በደሙ እየተገፋ ራሱ መንገዱን ይዞ ሳንባ ሥር ይደርሳል። ትልቅ ሥራ ነው፣ ብዙ አስተምሮናል። ግን ከአንገት ገብቶ በልብ ውስጥ አልፎ የሚሄድ ነገር ነው። የልብ ምት ያዛባል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ አንዳንዴም የሳንባን ደም ሥር ይበሳል። ውድ ነው። የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ሆነ። ያንን ደም ሳንነካ የያዘውን ማወቅ እንችላለን ወይ?

እንችላለን። ኦክስጅኑን ትተን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንያዝ። ደም ኦክስጅን ከሳንባ ይጭናል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያራግፋል። ሒሳቡ ያው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። ሰውነት ውስጥ ክምችቱ ብዙ ስለሆነ ወደ ሳንባ በሚመለሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቶሎ አይቀየርም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሕመምተኛው በቬንቲሌተር፣ በሚያስተነፍሰው ማሽን፣ ላይ ነው። መተንፈሻው መስመር ላይ ትርፍ ቱቦ ይከፈትና ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ የወጣውን ትንፋሽ ከፊሉን መልሶ እንዲስብ ይደረጋል። ምን ይሆናል? በደቂቃ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። በትንፋሹ መጨረሻ ላይ የሚታየው ቁጥር፣ በሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚለካው የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት፣ ደግሞ ትንሽ ከፍ ይላል። ለምሳሌ ከ38 ወደ 41 ወጣ እንበል፣ 3 ብቻ። አንድ ሊትር ደም ለእያንዳንዷ ሚሊሜትር ወደ 5 ሚሊሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ብለን ለስሌት እንውሰድ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሊትር 15 ሚሊሊትር ሳያራግፍ ቀረ። መሣሪያው ደግሞ በደቂቃ የወጣው ከ200 ወደ 125 እንደወረደ ለካ፤ 75 ቀረ ማለት ነው። 75 ለ15 ሲካፈል? 5 ሊትር! የሚመጣው ደም መጀመሪያ ምን ያህል ይዞ እንደነበር ማንም አልጠየቀም። በፊትም በኋላም ያው ስለሆነ ስንቀንስ ራሱ ወጣልን። መርፌ የለ፣ ካቴተር የለ። እኔ ይህን ስሌት በተማሪነቴ መጀመሪያ ስሠራው እርሳሴን አስቀምጬ የራሴን ትንፋሽ ማዳመጥ ጀመርኩ። እስካሁን ያስደንቀኛል።

ሌላም መንገድ አለ፣ በቶሎ ልለፈው። ሁለት ጋዝ በጣም ትንሽ በትንሹ ከኦክስጅን ጋር ቀላቅሎ ከከረጢት መተንፈስ ነው። አንዱ ደም ውስጥ የሚሟሟ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ። ሌላው የማይሟሟ። የማይሟሟው የሳንባውን መጠን ይነግረናል። የሚሟሟው እየቀነሰ ይሄዳል፤ በሳንባ የሚያልፈው ደም በበዛ ቁጥር ቶሎ ይቀንሳል። ዴንማርካውያኑ ክሮግና ሊንድሃርድ በናይትረስ ኦክሳይድ የጀመሩት በ1912 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ቬንቲሌተር አይፈልግም። ሰውዬው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሳይክል እየጋለበም ቢሆን ይለካል። ጠፈርተኞችንም በዚሁ ዓይነት ዘዴ ለክተዋቸዋል።

እንከኑን ልደብቃችሁ? አልደብቅም። በትንፋሽ የሚለካው በሚተነፍሰው የሳንባ ክፍል ያለፈው ደም ነው። በታመመ ወይም በተዘጋ የሳንባ ክፍል ያለፈው አይቆጠርም፤ እሱ በኦክስጅን ሙሌት ተገምቶ ይጨመራል። ስለዚህ ሳንባው ክፉኛ የተጎዳ ሰው ላይ ቁጥሩን በጥንቃቄ ነው የምናየው። በራሱ የሚተነፍስና ትንፋሹ የሚዘበራረቅ ሰው ላይም የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዘዴ ይንሸራተታል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የአንጎል ግፊት የተፈራለት ሰው ከሆነ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአፍታም ቢሆን መጨመር አይገባም። እነዚህን የማይነግራችሁ ሻጭ ካለ አትግዙት።

ሦስተኛው። "ይህ ሁሉ መሣሪያ እኛ ጋ የት አለ?" የሚል ከፊታችሁ ላይ እያነበብኩ ነው። ልክ ናችሁ። ሊትሩን አስልቶ የሚሰጠው መሣሪያ በየሆስፒታሉ የለም። ካፕኖግራፍ ግን አለ። በየኦፕሬሽን ክፍሉ እየገባ ነው። ትንፋሽ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በሞገድና በቁጥር የሚያሳየው ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን የምናየው የማስተንፈሻ ቱቦው በትክክል ወደ አየር ቧንቧው መግባቱን ለማረጋገጥ ብቻ ነው። እሱም ነፍስ ያድናል። ግን ያ ቁጥር ስለ ልብም ይናገራል! ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ ሳንባ የሚያመጣው ማነው? ደም ነው። ደሙን የሚገፋውስ? ልብ!

አንድ ቀን ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ነን። የሆድ ቀዶ ሕክምና ነው። ግፊት 105፣ ምት 88። የቬንቲሌተሩን ማስተካከያ ማንም አልነካም። ቁጥሩ ግን 36 የነበረው 33 ሆነ። ከዚያ 29። ከዚያ 24። ግፊቱ አሁንም 100። ቱቦውን አየሁ፣ አልተነቀለም። መጋጠሚያዎቹን በጣቴ አንድ በአንድ ነካሁ፣ የሚያስወጣ የለም። ሳንባውን አዳመጥኩ፣ ሁለቱም ጎን እኩል ይገባል። ታዲያ የቀረው ምንድነው? "ዶክተር፣ ወደ ሳንባ የሚመጣው ደም ቀንሷል፣ እባክህ ከጀርባ በኩል እይልኝ" አልኩት። እጁን ሰደደ። ከጉበቱ ጀርባ ደም ተጠራቅሟል። ጨርቅ ተጠቀጠቀ፣ ደም ታዘዘ፣ መድማቱ ቆመ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ 28፣ 31፣ 35። ግፊቱን ብቻ ስናይ ብንቆይ ኖሮ የምናውቀው ሲወድቅ ነበር። ያ ሰው ከሳምንት በኋላ በእግሩ ወጥቶ ሄደ።

አደራ፣ ቬንቲሌተሩ ካልተነካ ነው ይህ የሚሠራው። አተነፋፈሱን እናንተው ጨምራችሁ ከሆነ ቁጥሩ በዚያው ምክንያት ይወርዳል፣ የልብ ጥፋት አይደለም።

ነገ ጠዋት ልትሞክሩት የምትችሉት ደግሞ አለ። በቬንቲሌተር ላይ ያለ ሕመምተኛ ግፊቱ ወርዷል። ፈሳሽ እንስጠው ወይስ አንስጠው? ዝም ብሎ ሊትር ማንጠልጠል ሳንባን ያጥለቀልቃል። ሁለቱን እግሮቹን 45 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉ፣ የላይኛው ሰውነቱን ዝቅ አድርጉ። ከእግሩ ወደ 300 ሚሊሊትር የሚሆን የራሱ ደም ወደ ልቡ ይመለሳል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቁጥር እዩ። 5 በመቶና ከዚያ በላይ ከጨመረ ልቡ ፈሳሽ ቢሰጠው ተጨማሪ ይረጫል ማለት ነው። ካልጨመረ ፈሳሹን ያዝ አድርጉትና ሌላ ምክንያት ፈልጉ። እግሩን ስትመልሱት ሰውዬው ወደነበረበት ይመለሳል። ያወጣችሁት ገንዘብ የለም። የሚያስፈልገው ትዕግሥትና አንድ አጋዥ ሰው ብቻ ነው።

ልቡ ቆሞ ደረቱ ሲጫንም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ከ10 በታች ከሆነ አጫጫናችሁን አስተካክሉ፣ የደከመውን ሰው ቀይሩ። ድንገት ወደ 35 ወይም 40 ከዘለለ ልቡ ተመልሷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጣታችሁን አንገቱ ላይ አድርጉ።

ከአምስት ኪሎ የመጣችሁ፣ አሁን ለእናንተ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት እዚህ ወደ 580 ሚሊሜትር ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ ግን 760። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በመቶኛ የሚያሳይ መሣሪያ 5 ብሎ ቢጽፍ ባሕር ዳርቻ ላይ 38 ሚሊሜትር ነው፤ እዚህ 29 ነው። 38 እና 29! አንዱ ደህና፣ አንዱ አስደንጋጭ። መሣሪያው የአየሩን ግፊት ራሱ ይለካል ወይስ ባሕር ጠለል ላይ እንዳለ ያስባል? ከውጭ የመጣ ዕቃ ስትቀበሉ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። ካፕኖግራፉ ከተሳሳተ በእሱ ላይ የተሠራው ስሌት ሁሉ ይሳሳታል።

ሌላም ልለምናችሁ። አንድ ሆስፒታል፣ ስሙን አልጠራም፣ መጋዘን ውስጥ በእርዳታ የመጣ ካፕኖግራፍ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ አይቻለሁ። አዲስ ነው። ለምን አይሠራም? ጎኑ ላይ የምትሰካዋ ትንሽ የውኃ መያዣና ቀጭኗ የናሙና ቱቦ አልቀው ነው። የምትተካ ዕቃ! ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩት፤ ከግድግዳው ወዲያ ሰው በግፊት መለኪያ ብቻ ሰመመን እየተሰጠው ነበር። እባካችሁ፣ የግዢ ሰዎች፣ መሣሪያውን ስትገዙ የዓመት ቱቦውንና የውኃ መያዣውን አብራችሁ ግዙ። የባዮሜዲካል ተማሪዎች፣ ለመመረቂያችሁ ርእስ ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ፤ እዚሁ የሚሠራ፣ ርካሽ፣ ለብዙ መሣሪያ የሚሆን የውኃ መያዣ። ነርሶች፣ ሪፖርት ስትሰጣጡ ከግፊቱና ከምቱ ቀጥሎ ይህንንም ቁጥር አብራችሁ ተናገሩ፣ ጻፉት። ቤተሰቦችም ብትሆኑ "ይቺ ሞገድ ምንድናት?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም።

በሉ፣ ብዙ ተናገርኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካፕኖግራፍ ባልደረባዬ እያበራው ነው፤ የአየሩን ግፊት አስተካክለንለታል። በአፍንጫ የሚደረግ አዲስ ቱቦ ለእያንዳንዱ ሰው አለ። መጀመሪያ ተቀምጣችሁ ቁጥራችሁን እናያለን፣ ከዚያ ደረጃውን ወጥታችሁ ወርዳችሁ እንደገና እናያለን። በራሳችሁ ስለምትተነፍሱ ሊትሩን አይነግረንም፣ ሞገዱን ግን በደንብ ታያላችሁ። እስቲ፣ ማን ይጀምር?